ዳባት፤ ወረዳው ራሱ ላቦራቶሪ የሆነበት አገር

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው አሳቡ ሁሉ ከፊቱ ባለው በሰሜን ተራራ ላይ ነው። ሥዕል ያለባቸው መጽሔቶችም ስለዚህ አገር ሲጽፉ የጭላዳውን ጎፈር፣ የዋልያውን ቀንድ፣ የጅብራውን ረጅም ዘንግ እያሳዩ ገጹን ይጨርሱታል። እኛም ብንሆን እነዚህን አንጠላም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ከደባርቅ ቀደም ብላ ባለችው በዳባት ከአውቶቡሱ እንዲወርዱልን እንለምንዎታለን። በተለይም የኮምፒዩተር ትምህርት ጀምረው ከሆነ፣ ወይም ተመርቀው «ከአዲስ አበባ ውጭ ለእኔ ምን ሥራ አለ?» እያሉ ከሆነ፣ የምናሳይዎት ነገር አለ።

መንገዱ ጥሩ ነው። ጎንደርን ለቀው ሽቅብ ከወጡ በኋላ ኮሶዬ ይደርሳሉ፤ እዚያ አገሩ በድንገት ተቈርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ መኪናው ቢቆምልዎ ወርደው ማየት ነው። ከዚያ አምባ ጊዮርጊስን አልፈው በወገራ ሜዳ ላይ ይጓዛሉ። ሜዳው የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ አገር ነው። ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ገበሬው በጋቢው ላይ ሌላ ጋቢ ቢደርብ አይደንቅም፤ እርስዎም ሹራብዎን በሻንጣ ውስጥ ከጠቀለሉት ወዲያው ይጸጸታሉ። ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ዳባት ናት፤ እንደ ብዙዎቹ የደጋ ከተሞቻችን መንገዱን ተከትላ የተዘረጋች፣ ባሕር ዛፍ የከበባት ከተማ።

በዚህች ከተማ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማእከል አለው። ላቦራቶሪ ሲባል ነጭ ካፖርት፣ ጠርሙስና አጕሊ መነጽር የሚታይዎ ከሆነ አሳብዎን ለጊዜው ይለውጡ። እዚህ ላቦራቶሪው ቀበሌው ነው። የሚመረመረውም ደም ወይም ምራቅ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ የሚያልፈው የሰው ኑሮ ነው፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን አገባ።

ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።) የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር፤ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ሠራተኞችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹም በቡድን ሆነው ወደየከተማው እየወጡ በሥራ ላይ ይማሩ ነበር። እንግዲህ «ትምህርት ቤቱ ወደ ሕዝቡ ይሂድ» የሚለው ልማድ በጎንደር የቆየ ነው። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ በዳባት ወረዳ ቤቶች ተቈጥረው ይህ የምርምር ማእከል ሥራውን ጀመረ። በአገራችን ከዚህ ቀደም ሲል በቡታጅራ በ1980ዎቹ ተመሳሳይ ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ ከአገራችን ውጭ ደግሞ በዛሬዋ ባንግላዴሽ ያለው ማትላብ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው።

ዳባት የተመረጠበት ምክንያት ለጂኦግራፊ ተማሪ ደስ የሚል ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ ደጋም፣ ወይና ደጋም፣ ቆላም ይገኛል። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በወረዳው 145 ሺህ ያህል ሰው ነበር። ማእከሉ ይህን ሁሉ አይከታተልም፤ በኋላ በሰፋበት ጊዜ 13 ቀበሌዎችን፣ ማለት 4 የከተማና 9 የገጠር ቀበሌዎችን ይዞ ነው የሠራው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ፤ ተመልሰውም ይጠይቃሉ። የሥራው ፍሬ ያለው «ተመልሰውም» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ የሚደረግ ቈጠራ ስንት ሰው እንዳለ ይነግርዎታል እንጂ ባለፈው ክረምት ማን እንደ ጐደለ አይነግርዎትም።

ይህ ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፤ በኢትዮጵያ ልደትንና ሞትን በክብር መዝገብ የማስመዝገብ ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በቤቱ የሞተ የገጠር ሰው በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ወይም በመካነ መቃብሩ አርፎ፣ ዘመድ አልቅሶለት፣ ዕድሩ ቀብሮት፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ ግን እንዳልኖረ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለ አሟሟቱም የሚጽፍ ሐኪም አልነበረም። ስለዚህ እንዲህ ባሉ ማእከሎች የተለየ ዘዴ ይሠራል። የሐዘኑ ቀን ካለፈ በኋላ ጠያቂው መጥቶ፣ አስታማሚውን በትሕትና አስቀምጦ ይጠይቃል፦ ትኵሳት ነበረው ወይ? ስንት ቀን? ያስለው ነበር ወይ? እብጠትስ? ጥያቄዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መልክ የተዘጋጁ ናቸው። መልሱን ሐኪሞች አንብበው፣ ወይም ለዚሁ የተሠራ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አስልቶት፣ ለሞቱ ምክንያት ይሰጡታል።

አሁን እርስዎ እንዲህ ባለ ማእከል የድረ ገጽ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ እንበል። ዘመድ «ኮምፒዩተር ቤት ገባ» ይላል። ጓደኛዎ በአዲስ አበባ ለባንክ ፕሮግራም ይሠራል። እርስዎ ጠረጴዛዎ ላይ የሚጠብቅዎት ምንድር ነው?

አንደኛው ስም ነው። በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም፤ ሰው በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። የውጭ አገር ፕሮግራም «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሣጥን ሲሠራ አባትም፣ ሚስትም፣ ልጅም በየተራ ልዩ ልዩ ስም ይሞሉበታል፤ ፕሮግራሙም እነዚህ ሰዎች አይዛመዱም ብሎ ይፈርዳል። ከዚህ የባሰው ፊደሉ ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ይውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል በኃ፣ በሃ፣ በሀ፣ በሐ፣ በሓ ወይም በኀ ሊጻፍ ይችላል፤ 6 መንገድ ነው። ሥው በሥ ወይም በስ፤ ሴውም በሴ ወይም በሤ። ይህ 24 ይሆናል። ሁለቱን ቃል አንዱ አያይዞ፣ ሌላው ለይቶ ስለሚጽፍ 48 ሆነ። ለጆሮ አንድ የሆነው ሰው ለኮምፒዩተሩ 48 ሰው ሊሆን ነው። መረጃ ሰብሳቢው ደክሞት በእዝባር «ኃ/ሥላሴ» ብሎ ያሳጠረውን ሳንቈጥር ነው እንግዲህ።

የዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ለፍለጋ ብቻ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ወደ አንድ የሚመልስ ደንብ ይጻፋል፤ ባለቤቱ ያስጻፈው ስም ግን ሳይነካ ይቀመጣል። የሰውን ስም ማረም የኮምፒዩተር ሠራተኛ ሥልጣን አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ የቍጥር አሰጣጥ ስለ ነበረው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ብጥስጣሽ ይሆን ነበር። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ካሉት አሮጌ ፋይሎች እስከ ዛሬ የማይነበብ የሚያጋጥመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቀን ነው፤ እኛ የበለጠ የምናስበው ስለዚህ ነው። ከውጭ የመጣ ፎርም ዓመቱ 12 ወር ነው ብሎ ያምናል። አንዲት እናት ሕፃንዋን በጳጉሜን 3 ወለደች እንበል። መረጃ ሰብሳቢው 13ኛውን ወር ሲጽፍ ፎርሙ «ስሕተት» ብሎ ይመልሰዋል። ሰውየው ምን ያድርግ? ሌላ ቤት ይጠብቀዋል፤ መሸበት፤ ነሐሴ 30 ብሎ ያልፈዋል። ሦስት ቀን ምን አላት? ሕፃኑ በመስከረም 24 ቢሞት፣ በእውነቱ የኖረው 26 ቀን ነው፤ በተጻፈው ግን 29 ቀን ሆነ። ሐኪሞች ደግሞ ከ28 ቀን በታች የሞተውን ሕፃን ከሌላው ለይተው ይቈጥሩታል፤ የሞቱ ምክንያትም ብዙ ጊዜ ከወሊዱ፣ ከእትብቱ፣ ከብርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መከላከያው ልዩ ነው። እንግዲህ በአንድ ሰነፍ ሣጥን ምክንያት ያ ሕፃን ከመዝገቡ ተራ ወጣ። ስለ አዋላጆች በጀት የሚመክሩ ሰዎች በፊታቸው ያለው ሠንጠረዥ ላይ አያገኙትም። ጳጉሜንን አምስትም ስድስትም ቀን አድርጎ የሚቀበል ፎርም መሥራት ለአዋቂ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ያገሩን አቈጣጠር የሚያውቅ ሰው ካልሠራው ማንም አይሠራውም።

ዕድሜም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ሽማግሌውን ዕድሜዎ ስንት ነው ቢሏቸው 60 ወይም 70 ይላሉ፤ 63 የሚል አይገኝም። ስለዚህ ዐዋቂ ጠያቂ «ደርግ ሲገባ ስንት ዓመትዎ ነበር? በ77ቱ ድርቅ ጊዜ አግብተው ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰዓቱም አለ፤ «ሌሊት በ8 ሰዓት ወለደች» የሚለውን ኮምፒዩተሩ ማታ ሁለት ሰዓት አድርጎ ቢያነበው የአዋላጅዋ ሌሊት ሁሉ ጠፋ ማለት ነው።

ሦስተኛው መብራትና መስመር ነው፤ ይህን እንኳ ለአንባቢያችን ማብራራት አያስፈልግም። ለብዙ ዓመት እንዲህ ያለው ሥራ በወረቀት ነበር፤ ጥራዙ በበቅሎም፣ በመኪናም፣ በእግርም ይመጣና ጸሓፊዎች ወደ ኮምፒዩተር ያስገቡት ነበር። በኋላ ስልክና ታብሌት መጡ። በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው፣ ኦፕን ዳታ ኪት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ ዓይነት ሥራ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። ጥሩነቱ ያለ መስመር መሥራቱ ነው፤ ጠያቂው በገደሉ ሥር ያለውን መንደር ሁሉ ጨርሶ፣ ማታ ከተማ ሲገባ በአንድ ጊዜ ይልከዋል። ፕሮግራም ሠሪው ማሰብ ያለበት ግን እዚህ ላይ ነው፤ አንዲት ልጅ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ብታገባ፣ በአንዱ ታብሌት «ሄደች»፣ በሌላው «መጣች» ተብላ ትጻፋለች። ሁለቱ ካልተገናኙ አንዲት ሙሽራ ሁለት ሰው ትሆናለች፤ አንዷ የጠፋች፣ አንዷ ከየት እንደ መጣች የማትታወቅ።

ከዚያ በኋላ ነው ሕዝብ የሚያየው ድረ ገጽ የሚመጣው። ሰው ሥራው ሥዕልና ቀለም ማሳመር ይመስለዋል። ከባዱ ግን ምን እንደማይታይ መወሰን ነው። «በዚህ ቀበሌ በዚህ ወር 1 እናት በወሊድ ሞተች» ብለው ቢያትሙ ስምዋን ባይጽፉም ቀበሌው በሙሉ ያውቃታል። ስለዚህ ትናንሽ ቍጥሮች ይሸፈናሉ፤ ስምና የቤት ቍጥርም ከሕመሙ ተለይተው በሌላ ቍልፍ ይቀመጣሉ። እኛ በበኩላችን አንድ ቅር የሚለን ነገር አለ። ከዚህ ወረዳ የወጡት ጥናቶች የሚታተሙት በእንግሊዝኛ ነው። በሯን ከፍታ፣ ጠላ ቀድታ፣ የልጅዋን ሞት ለተረከችው ሴት መልሱ በአማርኛ ሊደርሳት ይገባ ነበር፤ የድረ ገጹም የመጀመሪያ ገጽ በአማርኛ ቢሆን ምን ይጐዳል? ደግሞም በጥናቱ ራስጌ የሐኪሞቹ ስም ሲደረደር መዝገቡን የሠራው ወጣት ስም ብዙ ጊዜ አይገኝም። ለአዲስ ተቀጣሪ ይህን አስቀድሞ መንገር ደግነት ነው።

ይህ አገር ሰላም ብቻ አላየም። በ2021 ዓ.ም. በነሐሴና በመስከረም ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ደርሶ፣ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በ2023 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆየ። መረጃው በየታብሌቱ እንዳይቀር የሚያስብ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ሥራው የፕሮግራም ብቻ አይደለም፤ መረጃውን በእጅ ተይዞ በሚሄድ ትንሽ ዲስክ መገልበጥ፣ ከመገልበጡ በፊት በምስጢር ቍልፍ መዝጋት፣ ማን ተቀብሎ ወደ ጎንደር እንደሚወስደውም በደብተር መጻፍ ይኖርበታል።

ዳባትን አይተው ሲጨርሱ ወደ ደባርቅ ቢቀጥሉ መንገዱ አጭር ነው። ደባርቅ ዛሬ የሰሜን ጎንደር ዞን ከተማ ናት፤ የራስዋ ዩኒቨርሲቲም አላት። ወደ ተራራው ለመግባት ፈቃድ የሚወጣው፣ ጠብመንጃ የያዘው ጠባቂ የሚሰጥዎትም እዚያ ባለው የፓርክ ጽሕፈት ቤት ነው። ፓርኩ በ1969 ዓ.ም. ተከለለ፤ በ1978 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ፤ ከ1996 እስከ 2017 ዓ.ም. ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጥሮ ቆየ። በ2016 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወረ። ቱሪስቱ ይህን «ፓርኩ ተለቀቀ» ብሎ ያነበዋል፤ የዳባቱ መዝገብ ዓይነት መዝገብ ቢኖር ግን እያንዳንዱ ቤት ሁለት መስመር ይወጣው ነበር፤ አንዱ «ሄደ»፣ አንዱ «መጣ»።

ከደባርቅ ወዲያ መንገዱ ጣልያን በሠራው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሾፌሩ ፍሬን እየያዘ ሲወርድ ስልክዎን አውጥተው ቢያዩ መስመሩ እየመጣ እየሄደ ነው። ከገደሉ ሥር፣ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «70» የሚሉ ሽማግሌ ያሉበት የጢስ ክር ከየጎጆው ይታያል።