የሦስተኛው ፍሬት ዝዝታ

ቤዝ ጊታር ሲጠፋ እንጂ ሲኖር የማይታወቅ መሣሪያ ነው። ሰርግ ቤት ገብታችሁ ዘፋኙን ታያላችሁ፣ ኪቦርዱንና ሳክስፎኑን ትሰማላችሁ። ጥግ ላይ ቆሞ አራት ወፋፍራም ክሮች የሚነካካውን ሰውዬ ግን ማንም ልብ አይለውም። እሱ ሲያቆም ነው ጭፈራው መሬት የለቀቀ የሚመስለው። በእኛ ቤተሰብ ይህን ሥራ መጀመሪያ የያዙት አጎቴ ናቸው፤ ከእሳቸው ወደ እኔ ተላለፈ።

አጎቴ በደርግ ዘመን የሆቴል ባንድ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ የመሸበት ታዳሚ እስኪነጋ እዚያው ነው የሚያድረው፤ ባንዱም አብሮ ያድራል። "ቆሜ እየተጫወትኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፤ ጣቴ ግን አይተኛም" ይላሉ እየሳቁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ስትሮክ ግራ እጃቸውን ያዘው። ያ የማይተኛ ጣት ክር መጫን አቃተው። ቤዙን ከነሳጥኑ ሲሰጡኝ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ክሩን ካልተበጠሰ አትቀይረው።"

ይሄ ዝም ብሎ የሽማግሌ ግትርነት አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሞታውንን ዘፈኖች በቤዝ የተሸከመው ጀምስ ጀመርሰንም ክር ለመቀየር የማይቸኩል ሰው እንደነበር የሙያው ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። ያረጀ ክር ብልጭልጩን ያጣል፤ የሚቀረው ወፍራም፣ ደረቅ ያለና ከበሮ የሚመስል ድምፅ ነው። የአጎቴም ክሮች ፍላትዋውንድ የሚባሉት ነበሩ። ላያቸው በጠፍጣፋ ብረት የተጠቀለለ፣ ጣት ሲንሸራተትባቸው ድምፅ የማያሰሙ ናቸው። ራውንድዋውንድ ደግሞ በክብ ሽቦ ስለሚጠቀለል ላዩ ሸካራ፣ ድምፁም ደማቅ ነው።

ኅዳር ላይ ቀጭኑ ክር ተበጠሰ። የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ ሰርግ ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ አጎቴ ደግሞ ከሰርጉ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የምግቡ፣ የአዳራሹ ጉዳይ አላሳሰባቸውም። ቤዛቸው እንዲሰማ ነው የፈለጉት። የምፈልገውን ዓይነት ክር አዲስ አበባ ብዞር አላገኘሁም። ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ያመጣልኝ ራውንድዋውንድ ነበር፣ ከ40 እስከ 100 የሚባለው ቀጠን ያለ ስብስብ። አንዱን እየፈታሁ አንዱን እያሰርኩ ጨረስኩ፣ ቃኘሁት፣ ነካሁት። ጢንዚዛ የገባበት ይመስል ዝዝ ይል ጀመር።

ለጥገና የወሰድኩለት ሰው አንዴ አየት አደረገና "ፍሬቱ አልቋል፣ መሞረድ አለበት" አለኝ። ፍሬት አንገቱ ላይ የተደረደረው ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ሊዮ ፌንደር በ1951 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን ቤዝ "ፕሪሲዥን" ያለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍሬት ከሌለው ትልቁ ቤዝ በተለየ ጣት የትም ቢያርፍ ብረቱ ድምፁን በልኩ ይቆርጠዋል። ሰውዬው ያለው ውሸት አልነበረም። የኤ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ፣ ዶ የሚባለው ድምፅ ያለበት ቦታ፣ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ አለ። ያንን ጉድጓድ የቆፈረው የአጎቴ ጣት ነው። ለማጥፋት የሚቻለው ደግሞ የቀሩትን ፍሬቶች ሁሉ ሞርዶ ወደ እሱ ዝቅ በማድረግ ነው። የተሞረደ ብረት ተመልሶ አይበቅልም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚመለሰውን ነገር ልሞክር ብዬ ቤዙን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አዲስ ክር ለምን ያንዛል? ነገሩ የጉልበት ጉዳይ ነው። የቤዝ ክሮች በሙሉ ተቃኝተው ሲወጠሩ አንገቱን ከ70 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ወደ ፊት ይስቡታል። አንገቱ ውስጥ የተቀበረ ትረስ ሮድ የሚባል ብረት ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሁለቱ ገመድ ጉተታ ላይ ናቸው። የአጎቴ ወፋፍራም ፍላትዋውንዶች ብዙ ይስቡ ነበር፣ ብረቱም ለእነሱ ልክ ተጠብቋል። ቀጠን ያሉ ክሮች ሲታሰሩ አንደኛው ወገን ደከመ፤ አንገቱ ቀጥ አለ፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ኋላ ደገነ። በዚያ ላይ ክረምቱ አልፎ አየሩ ሲደርቅ እንጨት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ክር ደግሞ ሲመታ ቦታ ይፈልጋል። ወፍራሙ ክር ሳይጫን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜውም ሰፊ ነው። ቦታ ካላገኘ ከፊቱ ያለውን ብረት ይነካል።

ዝዝታ የት እንዳለ የሚነግረን ራሱ ዝዝታው ነው። ክሩ ሳይጫን ብቻ የሚያንዝ ከሆነ ጥፋቱ ነት ከሚባለው፣ ክሩ ከመቃኛው ወደ አንገቱ ሲወርድ ከሚያርፍበት ቁራጭ ነው፤ ቦዩ ጠልቋል ማለት ነው። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ፍሬት ድረስ ከሆነ አንገቱ ከልክ በላይ ቀጥ ብሏል። ከመሐል ወዲህ ወደ አካሉ የሚጠጋው ክፍል ላይ ከሆነ ወይ አንገቱ በዝቶ ጎብጧል፣ ወይ ክሩ በብሪጁ በኩል ዝቅ ብሏል። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ያኔ ፍሬቱን ጠርጥሩ። የእኔው እስከ አምስተኛው ድረስ በአራቱም ክሮች ያንዛል። ስለዚህ ሦስተኛው ፍሬት ብቻውን ተከሳሽ ሊሆን አይችልም።

ጎረቤቴ መካኒክ ነው። የቫልቭ ክፍተት የሚለካበትን ፊለር ጌጅ አዋሰኝ፤ "ለጊታር ነው" ስለው ግን አላመነኝም። አለካኩ እንዲህ ነው፦ ክሩ አንደኛው ፍሬት ላይና የመጨረሻው ላይ ይጫናል። ያኔ ክሩ ራሱ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይሆናል። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። እኔ ስለካ ክሩ ብረቱ ላይ ተኝቷል። ክፍተት የሚባል ነገር የለም።

ትረስ ሮዱን በአለን ቁልፍ ወደ ግራ ሩብ ዙር አላላሁት። ከዚህ በላይ በአንድ ጊዜ መሄድ አያስፈልግም። እንጨት ትእዛዝ የሚቀበለው ቀስ ብሎ ነው፣ አሳድሮ ማየት ይሻላል። በማግሥቱ እንደገና ቃኝቼ ስለካ 0.2 ገባ። ትንሽ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን 0.3። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ብሪጁ የሄድኩት፤ ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። የወፍራሙን ክር ሳድል ትንሽ ከፍ አድርጌ 12ኛው ፍሬት ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል አደረስኩት፤ ቀጭኑን 2። በመጨረሻ ቅኝቱን አየሁ። 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ የሚሰማውና እዚያው ቦታ ላይ ክሩን ዳሰስ ብቻ አድርጎ የሚሰማው ድምፅ እኩል መሆን አለባቸው። የተጫነው ወጣ ካለ ሳድሉ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ወረድ ካለ ወደ ፊት ይመጣል።

ዝዝታው ጠፋ። ከአንድ ቦታ በቀር።

ኤ ክር፣ ሦስተኛ ፍሬት። ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ክር ከአራተኛው ፍሬት ጋር ይተሻሻል። ሰርጉ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ቤዙን ይዤ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ውሳኔው የእኔ ብቻ እንዳይሆን ፈልጌ ነው።

ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ግራ እጃቸውን በቀኙ እያሻሹ "እስቲ አሰማኝ" አሉ። ተጫወትኩ።

"ጋሼ፣ ዝዝ ሲል ይሰማዎታል?"

"ይሰማኛል እንዴ! ጆሮዬ መቼ ታመመ?" ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ "አባቴ እኮ ይሄን ድምፅ ለማግኘት ግማሽ ቀን ቆዳ ሲያስተካክሉ ይውሉ ነበር። አንተ ለማጥፋት ሳምንት ትባዝናለህ" አሉኝ።

አያቴ በገና ደርዳሪ ነበሩ። በገናን በቅርብ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ በአሥሩ አውታሮችና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁርጥራጮች ይገባሉ። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ይንዛል። ያ ጥልቅ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ የበገና ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። እንዚራው ለጥቂት ወደዚህ ወይም ወደዚያ ከሄደ ድምፁ ይሞታል፤ ደርዳሪው ቆዳውን እየገፋ፣ እየመለሰ ነፍስ ያለበትን ቦታ ይፈልጋል። የህንዱ ታንፑራም ብሪጁ ላይ ክር እየገባበት ይንዛል። የዚምባብዌው ምቢራ ላይ ሆን ተብሎ የጠርሙስ ክዳን ይታሰራል። በቤዝ ጊታር ጥፋት ተብሎ የሚሞረደውን ሌላው መሣሪያ ጸሎት ያደርግበታል። ፊዚክሱ አንድ ነው፤ የሚወዛወዝ ክር ቀስ ብሎ የሚነካው ነገር አገኘ።

ይህን ስል ዝዝታ ሁሉ ይወደድ ማለቴ አይደለም። በገና ላይ ደርዳሪው ለየአውታሩ አስቦ ነው የሚያስቀምጠው። የእኔ ቤዝ ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ፍሬት ሲንጫጫ የነበረው ግን ማንም ያላሰበው ጫጫታ ነው፣ መወገድም ነበረበት። የቀረው አንዱ ግን የሰው ሥራ ነው።

አጎቴ ሌላም ነገር አሉ፣ እሱ ከፍልስፍናው ይልቅ ጠቀመኝ፦ "ለመሆኑ በአምፕ ሰማኸው?" አልሰማሁትም ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤት እንዳይረበሽ በባዶው ነው የሠራሁት። ሰካነው። ቶኑን ትንሽ ቀነስ አድርጌ ዶን ስመታ ሙሉ፣ ክብ ድምፅ ወጣ። ዝዝታውን የሚሰማው ጆሮውን ፍሬቱ ላይ የደቀነ ሰው ብቻ ነው። ሰርግ ላይ ደግሞ እንደዚያ የሚያደርግ ሰው የለም። አጎቴ ደህናውን እጃቸውን ድምፅ ማጉያው ሳጥን ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሞረድ አያስፈልገውም" አሉ።

ሰርጉ ላይም ያው ሳጥን አጠገብ ወንበር አስደርገው ተቀመጡ። ልጃቸው መጥታ "አባዬ ጆሮዎ ይታመማል፣ ፈቀቅ ይበሉ" ብትላቸው አልሰሟትም፤ ወይም ያልሰሙ መሰሉ።

ፍሬቱ አንድ ቀን መሞረዱ አይቀርም። ራውንድዋውንድ ክር ላዩ ሸካራ ስለሆነ ብረትን ከፍላትዋውንድ ቶሎ ይበላል፤ ጉድጓዱም እየጠለቀ ሄዶ በአምፕም የሚሰማበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ እሞርደዋለሁ፣ አጎቴም የሚከፋቸው አይመስለኝም። እስከዚያው በየሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ እዚያችው ቦታ ላይ፣ እሳቸው በጀመሩት ጉድጓድ ውስጥ ጣቴን አሳርፋለሁ። አሁን የምቆፍረው እኔ ነኝ።