ቁልፉና መፍቻው

ርክክቡ የተደረገው ሰኔ ውስጥ ነበር፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ድንኳን ተተከለ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሪባን ተቆረጠ። ከክልል የመጡት እንግዳ ቦኖውን ከፍተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ከተቀጠርኩ ገና ስምንተኛ ወሬ ነው። ኃላፊዬ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ «አንተ ፈርምልኝ» ብለውኝ በሦስት ኮፒ ፈረምኩ። የተረከብኩት የጀነሬተር ቤቱን ሁለት ቁልፍና አንድ ቀጭን ፋይል ነው። ፋይሉን ገልጬ አላየሁትም። በዚያን ቀን ማን ያያል?

በዓመት ከመንፈቁ ፓምፑ ቆመ።

ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚሰቀል ፓምፕ እንደ እጅ ፓምፕ አይደለም። በየገጠሩ የምናውቀው አፍሪዴቭ ሲሠራም የመንደር ሰው ራሱ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ሰመርሲብሉ ግን ከነሞተሩ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው። እሱን ለማውጣት ቧንቧውን አንድ በአንድ እየፈቱ መሳብ ነው፤ መሳቢያ መኪና፣ ሰንሰለት፣ ትልልቅ የቧንቧ መፍቻ ይፈልጋል። እኛ ጋ የነበረው አንድ ሞተር ሳይክል ነው፤ እሱም ጎማ ከጨረሰ ቆይቷል።

ዞን ደወልኩ። ባለሙያው ትሁት ሰው ነበር፤ ጥያቄዎቹ ግን አንገቴን አስደፉኝ። ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው? ውሃው ስንት ሜትር ላይ ይቆማል? በሰከንድ ስንት ሊትር ይሰጣል? ፓምፑ የተሰቀለው ስንት ላይ ነው? ያን ጊዜ ፋይሉን ገለጥኩት። ውስጡ የርክክቡ ቅጽና የእንግዶች ስም ዝርዝር ነበር። በቃ። እነዚያን ቁጥሮች የያዘው የቁፋሮ ሪፖርት ወይ ቆፋሪው ድርጅት ጋ ነው፣ ወይ ክልል አንድ መደርደሪያ ላይ። ያለ እነሱ ደግሞ አዲስ ፓምፕ መግዛት ቁመቱን ለማታውቀው ሰው ሱሪ እንደ መግዛት ነው።

እኔ ሪፖርት ፍለጋ ስመላለስ ሴቶቹ ወደ ወንዙ ተመለሱ። ጠዋት ወደ ቀበሌው ስወጣ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ጄሪካን አዝለው ሲወርዱ አገኛቸዋለሁ። ሰላም ይሉኛል። ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ አንዲት እናት ነበሩ። ደጃቸው ላይ አስቀምጠውኝ ቡና እየቀዱ፣ «ለእኛ ቁልፉን ሰጡን፤ መፍቻውን ይዘውት ሄዱ» አሉኝ።

«እማማ፣ በጀት እኮ አልተያዘለትም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ወንዙም በጀት የለውም። እሱ ግን አልቆመም።»

መልስ አልነበረኝም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ከ1994 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ገንዘቡ በብሎክ ግራንት ወደ ወረዳ ወረደ። ወረደ ማለት ግን ምን ማለት ነው? እኛ ጋ ሲደርስ አብዛኛው ደመወዝ ይሆናል። ለጥገና የተረፈችውን ለማውጣት ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል፤ ዕቃውን በከተማችን የሚሸጥ አንድ ሱቅ እንኳ የለም። ሥልጣኑ ወርዶ ዕውቀቱና መሣሪያው ላይ ቀርቷል።

በአራተኛው ወር መሳቢያው መጣ። ፓምፑ ወጣ፤ ሞተሩ ተቃጥሏል። ኦፕሬተሩ ጋሼ ሰው እንዳይጠማ ብለው ከንጋት እስከ ማታ ያስነሱት ነበር። ጉድጓድ ደግሞ የሚሰጠው ልክ አለው። ከልኩ በላይ ሲሳብ ውሃው ይወርዳል፤ ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል፤ የሚያቀዘቅዘውን ያጣ ሞተር ይነዳል። ጋሼ የጠቆረውን ሞተር ነካ አድርገው «ታዲያ ማን ነግሮኝ?» አሉ። እኔን ነበር የሚያዩት።

ሥልጠና አልነበረም እንዳልል ነበር። እኔ ራሴ ሆቴል ውስጥ አምስት ቀን ስለ «ዘላቂነት» ተምሬ፣ አበል ተቀብዬ፣ ሰርተፍኬት ይዤ ተመልሻለሁ። ጋሼ ግን የተጠሩበት ሥልጠና አልነበረም፤ ማዕረግ የላቸውማ! የሠለጠንነው ደግሞ ዓመት ሳይሞላን እንዛወራለን። ዕውቀቱ ከሰውዬው ጋር ሻንጣ ይገባል።

ፓምፑ ከተተካ በኋላ የሠራነው ሥራ ሪባን የሚቆረጥለት አልነበረም። መሳቢያው ሳይሄድ በገመድና በሜትር የውሃውን ከፍታ ለካን፤ ፓምፑ የተሰቀለበትን ጥልቀት በጀነሬተር ቤቱ በር ላይ በቀለም ጻፍን። ጋሼ ደብተር ያዙ፦ ስንት ሰዓት ተነሳ፣ ስንት ሰዓት ጠፋ፣ ስንት ሊትር ናፍጣ ገባ፣ ዘይቱ መቼ ተቀየረ። ከባዱ ታሪፉ ነበር። የጄሪካኑ ሃያ አምስት ሳንቲም ናፍጣና የጋሼን ደመወዝ ችሎ የሚተርፈው የለም። ሃምሳ ይሁን ስንል ስብሰባው ተንጫጫ። ገንዘብ ያዥዋ ተነሥተው የአራት ወሩን ወንዝ አስታወሱ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ለመስጠት ጊዜ አልፈጀም። ጭማሪው ለብቻው የባንክ ደብተር ተከፈተለት።

እኔም በተራዬ ተዛወርኩ። የተካኝ ልጅ ያኔ የእኔን ዕድሜ ያህላል፤ ኃላፊው «ፋይሉን አስረክበውና ሂድ» አሉኝ። ልጁን ጉድጓዱ ጋ ወሰድኩት። በሩ ላይ ያለውን ቁጥር እንዲያነብ፣ ከጋሼ ደብተር ላይ አንድ ወር እንዲደምር፣ የጀነሬተሩን ፊልትሮ በእጁ ፈትቶ እንዲገጥም አደረግኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ስንጨርስ ቅጹን አወጣሁ። ገንዘብ ያዥዋ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ሊያዩ ቆመው ነበር። ልጁ እስክሪብቶ ሲያነሳ፣

«ቆይ፣ ልጄ» አሉት። «መፍቻውን ቆጥረኸዋል?»

ተመልሶ ገብቶ ቆጠረው።