«ታዲያ አንድ ነው ወይስ ሦስት?»

ድሬዳዋ የሚኖር ክርስቲያን ስለ ሥላሴ የሚጠየቀው ቡና ላይ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ነው፤ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ደጅ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጫወት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከድሬዳዋ አስተዳደር ነዋሪ ከ100 ሰው 71 ያህሉ ሙስሊም፣ 26 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 3 የማይሞላው ደግሞ ፕሮቴስታንት ነበር። እንዲህ ባለ ከተማ አንድ ወንጌላዊ ቤተሰብ እምነቱን ለብቻው ይዞ ሊቀመጥ አይችልም። ልጅ ከትምህርት ቤት፣ ባል ከሥራ፣ ሚስት ከገበያ ጥያቄ ይዘው ይገባሉ።

ጥያቄው ብዙውን ጊዜ በክፋት አይመጣም። የድሬ ሰው በሠርግም በለቅሶም አይለያይም። መልሱን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ለመንገደኛ ሸፋፍነው ቢመልሱለት ያልፋል። ልጆቻችሁን አብራችሁ ላሳደገች ጎረቤት ግን እውነቱን በፍቅር መናገር ግድ ይላል።

በእኛ ደጅ ጥያቄውን ያነሱት እማማ የምንላቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። ሁለቱንም ልጆቼን በጀርባቸው አዝለዋል። አንድ ምሽት ኦቾሎኒ እየፈለፈልን ሳለ፣ «ልጄ፣ አትቀየሚኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «እናንተ ሦስት አምላክ ታመልካላችሁ ይባላል። አላህን፣ መርየምንና ዒሳን። እውነት ነው?»

የ12 ዓመቷ ልጄ እጇ ላይ ያለውን ኦቾሎኒ አስቀምጣ አየችኝ። ባለቤቴም ወሬውን አቋርጦ ዞረ። እኔ ለእማማ የምመልሰውን መልስ ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው እንደምትሄድ ገባኝ።

«እማማ፣ እኛም የምናመልከው አንድ አምላክ ነው» አልኳቸው። «ማርያም ቅድስት የጌታ እናት ናት፤ ከሥላሴ አንዷ ግን አይደለችም። እግዚአብሔር ሚስት አግብቶ ልጅ ወለደ የሚል ቢመጣ እኛም ከእርስዎ ጋር ሆነን እንቃወመዋለን።»

«ታዲያ የአላህ ልጅ የምትሉት?»

ባለቤቴ ፈገግ ብሎ፣ «እማማ፣ ሁላችንም የድሬ ልጆች ነን እንል የለም? ድሬ አግብታ ወለደች ማለታችን ነው?» አላቸው። ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ዋናውን ጥያቄ አመጡት። «እሺ፣ በዚህስ ተግባባን። ታዲያ ለአንድ ነቢይ ለምን ትሰግዳላችሁ?»

ወገኖች ሆይ፣ የሥላሴ ትምህርት መነሻው ይህ ጥያቄ ይመስለኛል። አንዱ እንዴት ሦስት ይሆናል የሚለው የቁጥር ጥያቄ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ኢየሱስ ማን ነው? ለምንስ ይሰገድለታል? የሚለው ነው።

ምሳሌዎቻችን የት ያደርሱናል?

ብዙዎቻችን ስንጠየቅ ወደ ምሳሌ እንሮጣለን። እንቁላል ቅርፊት፣ ነጭና አስኳል አለው እንላለን። ነገር ግን አስኳሉ ብቻውን እንቁላል አይባልም። ወልድ ግን የመለኮት ሲሶ አይደለም፤ ፍጹም አምላክ ነው። ውኃ በረዶም እንፋሎትም ይሆናል እንላለን። ያው ውኃ ግን በረዶ ሲሆን እንፋሎትነቱ ይቀራል። ጌታ በዮርዳኖስ ሲጠመቅ ወልድ በውኃው ውስጥ ነበረ፤ መንፈስ ቅዱስ እንደ ርግብ ወረደ፤ አብ ከሰማይ ተናገረ (ማቴ. 3፥16-17)። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ነበሩ። አንድ ሰው ለልጁ አባት፣ ለሚስቱ ባል፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው የሚለው ምሳሌም እዚያው ያወድቀናል፤ አባት ሆኖ ራሱን ባል አድርጎ ሊያነጋግር አይችልምና። አባቶች ፀሐይን በክበቧ፣ በብርሃኗና በሙቀቷ መስለው አስተምረዋል፤ ይህ ጥቂት ይረዳል። ሙቀት ግን አይወድም፣ አይናገርም፣ አያዝንም። መንፈስ ቅዱስ ግን ያዝናል (ኤፌ. 4፥30)።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ቤት ያናውጣል። የምናውቃቸው አንድ ባልና ሚስት አሉ። ባልየው፣ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ የአንዱ ኢየሱስ ሦስት መጠሪያዎች ናቸው የሚል ትምህርት ተቀብሎ መጣ። ሚስቱን እንደገና በኢየሱስ ስም ብቻ ካልተጠመቅሽ አልዳንሽም አላት። ለብዙ ወራት በአንድ ማዕድ ተቀምጠው አብረው መጸለይ አቃታቸው። ኋላ በእርጋታ የረዳቸው ሽማግሌ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 17ን አብረው እንዲያነቡ ብቻ ጠየቋቸው። እዚያ ወልድ ወደ አብ ይጸልያል። ዓለም ሳይፈጠር አብ እንደ ወደደውም ይናገራል። ባልየው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ለራሱ አልጸለየም ማለት ነው» አለ። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አልተፈታም፤ ጸሎቱ ግን የተመለሰው ከዚያ ንባብ በኋላ ነው።

ሐዋርያት ከየት ጀመሩ?

ሐዋርያት አይሁድ ነበሩ። ጌታ አንድ እንደ ሆነ ከልጅነታቸው የተማሩ (ዘዳ. 6፥4)፣ ለፍጡር ከመስገድ ሞትን የሚመርጡ ሕዝብ ነበሩ። ቆርኔሌዎስ በጴጥሮስ እግር ላይ ሲወድቅ ጴጥሮስ ፈጥኖ አነሣው (ሐዋ. 10፥25-26)። ዮሐንስ በመልአኩ ፊት ሲወድቅ መልአኩ ከለከለው (ራእ. 22፥8-9)። ቶማስ ግን ከሙታን የተነሣውን ኢየሱስን ጌታውና አምላኩ ብሎ ሲጠራው ጌታ አልከለከለውም (ዮሐ. 20፥28-29)። የሽባውን ኃጢአት ይቅር ባለ ጊዜ ጸሐፍት ይህ የእግዚአብሔር ብቻ ሥልጣን ነው ብለው አጉረመረሙ (ማር. 2፥5-7)። ስለ ሥልጣኑ ያሰቡት ልክ ነበር፤ የሳቱት ፊታቸው የቆመውን ባለማወቃቸው ነው። በኢሳይያስ 45፥23 ጉልበት ሁሉ ለእግዚአብሔር እንደሚንበረከክ ተጽፏል። ጳውሎስ ያንኑ ቃል ወስዶ ለኢየሱስ ይሰጠዋል (ፊልጵ. 2፥10-11)።

እንግዲህ ሐዋርያት ሁለተኛ አምላክ አልጨመሩም። አንዱን አምላክ በኢየሱስ ፊት አገኙት። ለጥምቀት የተሰጠው ትእዛዝም የሚናገረው ስለ አንድ ስም ነው፤ ስሙም የአብ፣ የወልድና የመንፈስ ቅዱስ ነው (ማቴ. 28፥19)።

የኢዛና ደብዳቤ

አንዳንድ ወንጌላውያን የሥላሴን ትምህርት ሌሎች ያወረሱን ከባድ ቃል አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን ይህ ጥያቄ አገራችን የገባው ገና በ4ኛው መቶ ዘመን ነው። በእስክንድርያ አርዮስ የሚባል ቄስ፣ ወልድ ከሁሉ በፊት የተፈጠረ ቢሆንም ፍጡር ነው ብሎ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ጳጳሳት ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ብለው መለሱ። ይህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2025 1700 ዓመት ሞልቶታል።

የኒቅያን እምነት አጥብቆ የያዘው የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ፣ እኛ አባ ሰላማ የምንለውን ፍሬምናጦስን ሾሞ ወደ አክሱም ላከ። ነገሩ ግን በኒቅያ አላበቃም። በኋላ የነገሠው የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ወደ አርዮስ ወገን አዘነበለ። አትናቴዎስን ከመንበሩ አባርሮ በቦታው ሌላ አስቀመጠ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩት፣ እምነቱ በአዲሱ ጳጳስ ይመርመር የሚል ነበር። አትናቴዎስ የደብዳቤውን ቃል በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ስላኖረው እስከ ዛሬ ይነበባል። የዚያን ዘመን ኃያል መንግሥት እንዲህ ብሎ ቢጠይቅም ኢትዮጵያ የአርዮስን መንገድ አልተከተለችም። በአክሱም የተገኘ የኢዛና የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍም አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በመጥራት ይጀምራል።

ስለዚህ ኃይለ ሥላሴ፣ ወልደ ሥላሴ የሚለው የአያቶቻችን ስም የሁላችንም ቅርስ ነው። ዛሬም ወልድ ፍጡር ነው የሚሉ ሰዎች መጽሔት ይዘው በራችንን ሲያንኳኩ አዲስ ነገር አላመጡም።

ማን ነው የመጣልን?

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ኢየሱስን መውደድ አይበቃም?» የሚል ይኖራል። ለድሬዳዋ ሰው በደቻቱ ልመልስለት። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ወንዙ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ነጠቀን። ጎርፍ የወሰደውን ሰው ከዳር ሆኖ መምከር እንደማያድነው ከዚያ ወዲህ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። የሚያድን ሰው ራሱ ይገባል።

ኢየሱስ ፍጡር ከሆነ እግዚአብሔር ዳር ቆሞ ሌላውን ወደ ጎርፉ ልኳል ማለት ነው። ያን ጊዜ ለተላከው እናዝንለት ይሆናል፤ ላኪው ግን እንደ ወደደን በምን እናውቃለን? ወልድ አምላክ ከሆነ ግን ወደ ጎርፉ የገባው እግዚአብሔር ራሱ ነው። በክርስቶስ ሆኖ ከራሱ ጋር ያስታረቀን እርሱ ነው (2ቆሮ. 5፥19)። በሞት አልጋ ላይ ያለች እናት፣ ልጅ የቀበረ አባት፣ በኃጢአቱ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚይዘው ይህን ነው። ከመስቀሉ በስተጀርባ የተደበቀ፣ ፊቱ ያልታወቀ ሌላ አምላክ የለም።

ለእማማም በዚያ ምሽት የነገርኳቸው ይህንኑ ነበር። «እማማ፣ እኛ ሰውን አንሥተን አምላክ አላደረግንም። አምላክ በፍቅሩ ወርዶ ሰው ሆነ ነው የምንለው። የምንሰግድለት ለዚህ ነው።» ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ይህ ለእኔ ከባድ ነው፣ ልጄ። ግን ሦስት አምላክ እንዳላችሁ የሚያወራ ካገኘሁ አይደለም እለዋለሁ» አሉኝ። አላመኑም፤ እኔም እንዳመኑ አድርጌ አላወራም። በየቀኑ እጸልይላቸዋለሁ። ለረመዳን ሾርባቸው ወደ ቤታችን ይመጣል፤ ለገና ዳቧችን ወደ ቤታቸው ይሄዳል።

ልጄ ደግሞ የራሷን ጥያቄ ወደ ቤት ይዛ ገባች። «እማዬ፣ ኢየሱስ አምላክ ከሆነ ወደ ማን ነበር የሚጸልየው?» አባቷ አጠገቡ አስቀምጦ፣ «ወደ አባቱ፣ ልጄ። ወልድ አብን ያነጋግራል፣ አብ ወልድን ይወድዳል። እግዚአብሔር ፍቅር ነው የሚለው ከሰማይና ከምድር በፊትም እውነት የሆነው ለዚህ ነው። የሚወድደው ፍለጋ እኛን አልፈጠረም፤ ያለውን ፍቅር ሊያካፍለን ፈጠረን እንጂ» አላት።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ ይህን ትምህርት ለመጋቢው ብቻ አትተዉት። በሳምንት አንድ ምሽት ስልኩንም ቴሌቪዥኑንም ዘግታችሁ፣ የዮሐንስን ወንጌል ከልጆቻችሁ ጋር ከምዕራፍ 1 ጀምራችሁ አንብቡ። በየገጹ ኢየሱስ ማን ነው? ወደ ማን ይጸልያል? ማንን ሊልክ ቃል ይገባል? ብላችሁ ጠይቁ። ስትጸልዩም ልጆቻችሁ ልብ ይበሉ፤ ወደ አብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ እንደምትቀርቡ ይስሙ (ኤፌ. 2፥18)። ሙሉውን ምሥጢር ልንጨርሰው አንችልም፤ ከአእምሯችን የሚያንስ አምላክ ሊያድነንም አይችልም። ማን እንደ መጣልን ግን እናውቃለን። በድሬ ደጆች ላይ የሚጠይቁን ጎረቤቶቻችን ይህን ከእኛ በግልጽና በፍቅር ሊሰሙ ይገባቸዋል።

የአብ ፍቅር፣ የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ፣ የመንፈስ ቅዱስም ኅብረት በየቤታችሁ ይሁን።