ሞል የነበረው ሰፈር

«ይሄ ሁሉ አንድ ሞል ነበር» አለኝ የአክስቴ ልጅ። ማመን አቃተኝ። የቆምነው እኮ መንገድ ላይ ነው! መስቀለኛ መንገድ፣ ሰፊ የእግረኛ መተላለፊያ፣ ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር፤ ምድር ቤቱ ካፌ፣ ከካፌው በላይ የሰው መኖሪያ። ቀና ስል አንዱ በረንዳ ላይ ብስክሌት ተደግፎ አየሁ። ሰው ይኖርበታል!

ቦታው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር በስተምዕራብ ያለችው ሌክውድ ነው፤ ሰፈሩ ቤልማር ይባላል። የመጣነው የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ከበዛበት ከአውሮራ፣ በአላሜዳ ጎዳና ዴንቨርን አቋርጠን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ አሜሪካን ያየሁት በመኪና መስኮት ብቻ ነበር። ዳቦ ለመግዛት መኪና፣ ቡና ለመጠጣት መኪና! አዲስ አበባ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅም ፋርማሲም ጸጉር ቤትም አለ። ቤልማር ስደርስ እግሬ ደስ አለው።

ሞሉ ቪላ ኢታሊያ ይባል ነበር፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ሌክውድ ራሷ ከተማ ሆና የተቋቋመችው በ1969 ሲሆን፣ መሃል ከተማ የሚባል ስላልነበራት ሰው የሚቀጣጠረው እዚያ ሞል ውስጥ ነበር። ኋላ ገበያተኛው ወደ ሌላ ሄደ፤ በ2001 ተዘጋ። ከተማዋና ኮንቲኑም የተባለው አልሚ ግን ሞሉን አፍርሰው፣ 42 ሄክታር ገደማ የሚሆነውን መሬት በመንገድ ሸንሽነው 22 ብሎክ አደረጉት። አዲሱ ሰፈር በ2004 በሩን ከፈተ።

መኪናውስ የት ገባ? ከሕንፃዎቹ ጀርባ፣ ፎቅ ፓርኪንግ ውስጥ! ጣሪያው ላይ ደግሞ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ተደርድሯል። አደባባዩ ላይ ልጆች በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ እየወደቁ፣ እየሳቁ፤ ወላጆች ትኩስ ነገር ይዘው ዳር ቆመው። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ብርዱን ረስቼ ፈዝዤ ቀረሁ።

ቪክቶር ግሩን ትዝ አለኝ። ቪየና የተወለደው ይህ አርክቴክት በ1956 ሚኒሶታ ውስጥ ሳውዝዴልን፣ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነውን የመጀመሪያውን የአሜሪካ ሞል ሲሠራ፣ ዙሪያውን መኖሪያ፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምናና መናፈሻ እንዲኖረው አቅዶ ነበር። የተስፋፋው ግን ሱቁና የመኪና ማቆሚያው ብቻ ሆነ፤ በስተእርጅናው በሞሎች ላይ አምርሮ ተናገረ። ምነው ይህን ባየ!

እርግጥ ቤልማር ፒያሳ አይደለም። ጉሊት የለም፣ ሊስትሮ የለም፤ ከሱቆቹ ብዙዎቹ የትም የሚገኙ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። ቢሆንም ሰው ከቤቱ ወርዶ በእግሩ ሲኒማ ይገባል፣ አስቤዛውን ሸምቶ ይመለሳል። ለእኔ ይህ ካየኋቸው የአሜሪካ ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ሁሉ ይበልጣል።

ዴንቨር ዘመድ ያላችሁ፣ አውሮራ ቡናችሁን ጠጡና በአላሜዳ ወደ ተራሮቹ አቅጣጫ ንዱ። ቤልማር ስትደርሱ መኪናችሁን አቁሙና እስኪመሽ በእግራችሁ ዙሩ።