ከአዴት ጤፍ እስከ ቡሬ በቆሎ፦ መንገድ የሚጠብቅ እህል

ከባሕር ዳር በሞጣ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ አዴት ይደርሳሉ፤ የይልማና ዴንሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ለመንገደኛ የምመክረው ወር ጥር ነው። ጭቃው ደርቋል፤ ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ በየግቢው ጥግ ተከምሯል፤ መንገዱንም ከመኪና ይልቅ ጆንያ የተጫኑ አህዮችና ጋሪዎች ይዘውታል። አዲስ አበቤ አዴትን የሚያውቃት በጤፏ ነው፤ የግብርና ሰዎች ደግሞ በምርምር ማዕከሏ። ከደብረ ዘይት ምርምር በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የጎጃምን ማሳ እንዴት እንደያዘው ገበሬው ራሱ ያጫውትዎታል። ምርቱ እንዲጨምር ብዙ ተለፍቷል። የተመረተው በየት በኩል ይውጣ የሚለው ጥያቄ ግን ያንን ያህል የሚለፋለት አላገኘም።

በገበያ ቀን እህል ተራው ጋ ቆም ብለው ይመልከቱ። ገበሬው ጤፉን ሚዛን ላይ አስቀምጦ የነጋዴውን ፊት ያያል፤ ነጋዴው ስልኩን ያያል። አዲስ አበባ እህል በረንዳ ያለው ደላላ የዕለቱን ዋጋ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መቀነስ ነው፦ የመኪና ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የደላላው ኮሚሽን፣ በየከተማው የሚከፈል ኮቴ፣ በየኬላው የሚጠየቅ፣ መኪናው ቆሞ ላደረበት ሌሊት ማካካሻ፣ በመጨረሻም የነጋዴው ትርፍ። ተቀንሶ ተቀንሶ የቀረው የገበሬው ዋጋ ይባላል። ገበሬው «ጨምርልኝ እንጂ ልጄ» ቢል፣ መልሱ «አያ፣ መንገዱን እያዩት!» ነው። ነጋዴው ሁልጊዜ ይዋሻል ማለቴ አይደለም፤ መንገዱ በእርግጥ ውድ ነው። ነገር ግን መንገዱ በተሻሻለ ሰሞን ለገበሬው በዚያው ፍጥነት ሲጨመርለት አላየሁም።

ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ሁለት ምርጫ አለ። ከባሕር ዳር በአዴት፣ በሞጣና በቢቸና አድርጎ ደጀን የሚወጣው አጭሩ ነው፤ እስከ አዲስ አበባ 485 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዳንግላ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ የሚዞረው 565 ገደማ ይሆናል። አጭሩ ለረጅም ዘመን ጠጠር ስለነበረ፣ ባለ ጭነት መኪናው ለጎማውና ለባሌስትራው እየሳሳ ረጅሙን ይመርጥ ነበር። የአዴት ጤፍ ወደ ደቡብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይጓዝ ነበር ማለት ነው።

ሁለቱ መንገዶች ደጀን አጠገብ ተገናኝተው አንድ ጉሮሮ ውስጥ ይገባሉ፤ ዓባይ በረሃ። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ መልሶ መውጣት ነው። በጃፓን እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ሲመረቅ ትልቅ እፎይታ ነበር። የገደሉ መሬት ግን ይንሸራተታል፤ አስፋልቱም አብሮት ይጎብጣል። እስከ 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ አብሮ ያቃስታል። አንዱ ጠመዝማዛ ላይ መኪና ከተበላሸ የጎጃም እህል ቆመ ማለት ነው። በምዕራብ ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስድ ሌላ በር አለ፤ እሱም በወለጋ በነበረው የጸጥታ ችግር የተዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጤፍስ ይሻላል። ውድ እህል ስለሆነ ኪራዩን ይሸከማል። ነገሩ የሚብሰው ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ሲሄዱ፣ ጃቢ ጠህናንና ወምበርማ የበቆሎ አገር ሲገቡ ነው። አንድ ኩንታል በቆሎና አንድ ኩንታል ጤፍ የሚጠይቁት ኪራይ ያው ነው፤ የሚሸጡበት ዋጋ ግን ለየቅል ነው። ይህን ያካባቢው ሰው በ1994 ዓ.ም. በደንብ ተምሯል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ምርቱ ሰመረና የበቆሎ ዋጋ እስከ 80 በመቶ ወረደ። ሽያጩ የመሰብሰቢያውን ወጪ እንኳ ስለማይመልስ በቆሎውን ማሳው ላይ የተወ ገበሬ ነበር፤ የማዳበሪያው ዕዳ ግን አልተተወም። ወዲያው ዝናቡ ከዳ። በ1995 ዓ.ም. በአገሪቱ ከ13 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ፤ ስንዴውም ከባሕር ማዶ ተጭኖ መጣ። ዶ/ር እሌኒ ገብረ መድኅን የምርት ገበያን ሐሳብ ይዘው ሲሟገቱ ደጋግመው ያነሱት ይህንኑ ታሪክ ነው። ገበያው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሲከፈት በበቆሎ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ቡናና ሰሊጥ ቦታውን ያዙት።

ሽማግሌዎቹ ከዚህም የከፋ ያስታውሳሉ። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታና በተቆረጠ ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር። እንደ ጎጃምና አርሲ ካሉ ትርፍ አምራች ክፍለ ሀገሮች የግል ነጋዴ እህል ይዞ እንዳይወጣ ተከልክሎ ነበር። ኬላው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው። ተነሣ ይባል እንጂ፣ ኬላ ስሙን እየለወጠ መመለስ ይወዳል፤ በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጤፍ ዋጋ ሲያሻቅብ መነጋገሪያው መልሶ እሱ ሆነ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ክልሉን ግጭት ያዘው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። ሾፌሩ ይህን ሁሉ ይሰማል፤ ስለዚህ ወይ አይወጣም፣ ወይ ኪራይ ይጨምራል። መንገድ ተዘጋ በተባለ ቁጥር ቡሬ ላይ ዋጋ ይወድቃል፤ እዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ ይወጣል።

ቡሬ ላይ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክና የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ምርቱ እዚያው ከተቀነባበረ ዓባይ በረሃን የሚሻገረው ጭነት ዋጋው ይከብዳል። ገበሬው ግን መጠበቅ አይችልም። በቆሎውን ጎተራ ውስጥ ነቀዝ ይጠብቀዋል። ማዳበሪያ ስንል እዚህ አገር አፈሩ ላይ የሚበተነውንም እህሉ የሚሞላበትን ከረጢትም ነው፤ አንዱን ለመግዛት ሌላውን ሞልቶ መሸጥ ግድ ነው። ሰኔ ሲገባ ብሩ ይፈለጋል፤ መንገዱ ይከፈትም ይዘጋም፣ ነጋዴው በዚያ ቀን የጠራው ዋጋ ዋጋ ይሆናል።