በኖርዌይ ሰሜን የውሻ ሠረገላ ስለ መምረጥ

በኖርዌይ መንግሥት በሰሜን ዳርቻ ትሮምሶ የምትባል በደሴት ላይ የተሠራች ከተማ አለች። ከአርክቲክ ክበብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቃ ስለምትገኝ፥ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣባትም። እኛም ከባለቤታችንና ከአሥር ዓመት ልጃችን ጋራ የዕረፍት ጊዜያችንን በዚያ ለማሳለፍ የሄድነው ብርሃን በተመለሰበት በየካቲት ወር ነበር። ዋናው ምኞታችንም ውሾች በሚስቡት የበረዶ ሠረገላ መሄድ ነበር።

የዚህ ሠረገላ ነገር ላላየው አንባቢ እንዲህ ነው። መንኰራኵር የለውም፤ በሁለት ረዣዥም እግሮች በበረዶ ላይ ይንሸራተታል። ለሁለት መንገደኞች አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ውሾች ይጠመዱለታል። አንዱ መንገደኛ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ከኋላ ቆሞ ፍሬኑን በእግሩ ይረግጣል። ከፊት የሚጠመዱት ትእዛዝ የሚሰሙት ብልሆቹ ናቸው፤ ከሠረገላው አጠገብ የሚጠመዱት ግን ብርቱዎቹ ናቸው።

በከተማይቱ የዚህ ሥራ ኩባንያ ብዙ፥ ዋጋውም ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ምርጫው አስቸገረን። አንዱ እንግዳውን አስቀምጦ ለጥቂት ጊዜ ያዞራል፤ ሌላው ሠረገላውን ለእንግዳው ሰጥቶ ለብዙ ሰዓት ያስነዳል፤ ሌላውም በድንኳን እያሳደረ ለቀናት ይወስዳል። እኛም ከሁሉ የረከሰውን መርጠን ቀብድ ከፈልን።

በዚያው ቀን የሮአልድ አሙንድሰንን ሐውልት በከተማይቱ አየን። ይህ ሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ደቡብ ዋልታ የደረሰ ነው። ለልጃችንም ከአራት ጓደኞቹ ጋራ 52 ውሾች ይዞ መነሣቱን፥ የተመለሱት ግን 11 ብቻ መሆናቸውን፥ ብዙዎቹም ለሰዎቹና ለቀሩት ውሾች ምግብ እንዲሆኑ መገደላቸውን ነገርናት። እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ «አባባ፥ እኛን የሚስቡንስ ሲያረጁ ወዴት ይሄዳሉ?» ብላ ጠየቀችን። የምንመልስላት አጣን።

በማግሥቱ ከከተማ ውጭ ወዳለው የኩባንያው ሰፈር ሄደን ይህንኑ ጠየቅን። ሹሙ ፈገግ ብሎ ስለ ምሳውና ስለ ፎቶግራፉ ማማር ነገረን እንጂ ለጥያቄው መልስ አልሰጠንም። በአጥሩ ውስጥ ግን አንዲት ውሻ እያነከሰች ለሥራ ስትጠመድ አየን። ባለቤታችንም «ቀብዱ ይቅርብን፤ ልጅቱ የጠየቀችው እውነት ነው» አሉ። ስለዚህ ቀብዳችንን ትተን ተመለስን።

በሁለተኛው ስፍራ የውሾቹ ጠባቂ አንዲት ሴት ነበረች። ሳንጠይቃት ወደ አጥሩ አስገባችን፤ ውሻውን ሁሉ በየስሙ ጠራች፤ መዳፋቸውን እያነሣች፥ ጠፍሩ የሚያርፍበትንም ጀርባ እየገለጠች ቁስል አለመኖሩን አሳየችን። የዚያን ቀን ዕረፍት የተሰጣቸውንም ለይታ ነገረችን። ስለ ሽማግሌዎቹ በጠየቅናት ጊዜ የቤቷን በር ከፈተች። ሦስቱ በምድጃው አጠገብ ተኝተው ነበር፤ ሌሎቹንም ለሚያኖሩዋቸው ቤተ ሰቦች እንደሰጠች አስረዳችን። ልጃችን ዓይኑ ከጠፋው ሽማግሌ ውሻ አጠገብ ተቀምጣ አልነሣም አለች።

ዋጋው የፊተኛውን እጥፍ ያህል ነበር፤ ከፈልን፥ አልቈጨንምም። ውሾቹ እስኪለቀቁ ድረስ ጩኸታቸው ጆሮ ያደነቍራል፤ ሠረገላው በተነሣ ጊዜ ግን ሁሉም ጸጥ አሉ፥ ከትንፋሻቸውና ከበረዶው ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ምንም ቢሆን መያዣውን አትልቀቁ ተብለን ስለ ነበር፥ በመጀመሪያው መታጠፊያ ወድቀን እየተጐተትን እንኳ አልለቀቅንም። ልጃችንም ሳቀችብን።

እንግዲህ ወደ ሰሜን የሚሄድ ቤተ ሰብ ዋጋ ከመጠየቁ አስቀድሞ ይህን ይጠይቅ። እንግዳው ይነዳልን ወይስ ይቀመጣል? በበረዶው ላይ የሚቈየው ስንት ሰዓት ነው? በረዶ ቢጠፋ በመንኰራኵር ጋሪ ነውን? ውሾቹስ መቼ ያርፋሉ? ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ ጻድቅ ሰውና ስለ እንስሳው የተናገረውን የሚያስብ ሰው ደግሞ፥ ያረጁት ወዴት እንደሚሄዱ ሳይጠይቅ ቀብድ አይክፈል። ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ እኛ ያወቅነው ከልጃችን ነው።