ሻንጣና ሚዛን

በወሎ ለመንገደኛ ስንቅ መቋጠር ቀላል ነገር አይደለም። መንገዱ በራቀ ቁጥር ስንቁም ይበዛል፤ ያነሰ እንደሆነ ግን ጎረቤት «ልጅቱን ባዶ እጇን ሰደዷት» ብሎ ያማል። ይህ ልማድ የተወለደው በበቅሎና በአህያ ዘመን ነው። በኋላ ከአውቶቡስ ጣራ ጋር ተስማማ። ከአይሮፕላን ጋር ግን እስከ ዛሬ አልታረቀም፤ አለመታረቁንም እኛ የተማርነው በእኅታችን ሻንጣ ነው።

እኅታችን በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እኛ ሁለት ወንድሞቿ ዩኒቨርሲቲ የገባነውም፣ ደብተር የምንገዛውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በእርሷ ላብ ነው። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት መጥታ፣ አንድ ወር ተቀምጣ ስትመለስ ልንሸኛት ተነሣን። ትኬቱን የቆረጠላት አንድ ወኪል ነበር፤ «ከዚህ የረከሰ አይገኝም» ብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጣት። እርሷም አጣጥፋ ከፓስፖርቷ ጋር አስቀመጠችው። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች፣ ስለ ልብ ወለድ አንድ ሌሊት ሙሉ የምንከራከረው ሰዎች፣ ያንን አንድ ገጽ ወረቀት ገልጠን አላየነውም።

ደሴ ላይ እናታችን 6 ኪሎ በርበሬ፣ 4 ኪሎ ሽሮ፣ 3 ኪሎ በሶ ቋጠረች። ዱዓው ተደረገ፣ ቡናው ተጠጣ፣ ተነሣን። ከኮምቦልቻ በአይሮፕላን አዲስ አበባ መግባት ይቻል ነበር፤ ግን ሌላ ትኬት፣ ሌላ ሚዛን ነውና አውቶቡሱን መረጥን። መናኸሪያው ውስጥ ጫኙ ለሻንጣው የጠየቀው ገንዘብ አስደነገጠን። ቢሆንም «ኧረ ወንድሜ፣ እኛም ተማሪ ነን» ብለን ተከራክረን በግማሽ ተስማማን፤ ተሳሳቅንም። በሐረጎ ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ደግሞ አክስታችን 3 ኪሎ ማር በጀሪካን ይዛ መንገድ ዳር ቆማለች። «ኧረ ይከብዳል» ብንላት «ማር ደግሞ ምን ይከብዳል!» ብላ አፋችንን ዘጋችው።

ቦሌ ስንደርስ ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባምና ከበር ተሰናብተን ቆምን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ደወለች። የተፈቀደላት 20 ኪሎ፣ ሻንጣው ግን 29 ኪሎ ሆኖ ተገኝቷል። ለ9ኙ ኪሎ የተጠየቀችው ገንዘብ የግማሽ ወር ደመወዟን የሚያህል ነው። እኛም እንደ ለመድነው «ተከራከሪ፣ ለምኝ» አልናት። «የምን ልመና፣ ሚዛን እኮ ነው» አለችን። በእርግጥም የመናኸሪያው ጫኝ ፊት አለው፣ ይስቃል፣ ያዝናል፤ የዚያኛው ሚዛን ግን ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው።

ጥቂት ቆይታ አንድ ጥቅል ታቅፋ ወደ በሩ ብቅ አለች። በርበሬውን ያወጣች መስሎን ነበር። ጥቅሉ ግን ልብሷ ነው፤ ለራሷ የገዛችው ቀሚስ፣ ጫማዋ፣ ጋቢዋ፣ ልክ 9 ኪሎ። «እታለም፣ በርበሬውን አትተይውም?» ብንላት «እማ ፀሐይ ላይ ስታሰጣው አይቻለሁ» አለች። ከዚያም «አብሽሩ» ብላን ገባች።

ጥቅሉን ይዘን ደሴ ስንመለስ እናታችን ገና ሳትፈታው በእጇ መዝና አወቀችው። ብዙ አልተናገረችም። «ከባለ ሱቁ ሚዛን ብትዋሱ ምን ነበረበት?» አለች። በዚያ ሌሊት የትኬቱን ቅጂ ከስልካችን አውጥተን አነበብነው። ሁሉም ተጽፏል፤ 20 ኪሎው፣ በእጅ የሚያዘው 7 ኪሎ፣ ትርፍ ኪሎ አስቀድሞ ቢገዛ ዋጋው በመሳፈሪያው ቀን ከሚጠየቀው በብዙ እንደሚያንስ ጭምር። ወረቀቱ አላታለለንም፤ እኛ ነን ያላነበብነው።

ነገሩ እንዴት እንደ መጣ ለማወቅ ፈለግን። ቀድሞ የመንገደኛ ሻንጣ ከትኬቱ ዋጋ ጋር አብሮ የሚታሰብ ነበር። የአየርላንዱ ራያንኤር በ2006 እ.ኤ.አ. በአይሮፕላኑ ሆድ ለሚጫን ሻንጣ ለብቻው ማስከፈል ጀመረ። በ2008 እ.ኤ.አ. ነዳጅ ሲወደድ አሜሪካን ኤርላይንስ ለመጀመሪያው ሻንጣ 15 ዶላር ጠየቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። የርካሽ አይሮፕላን ጥበቡ ይኸው ነው፤ ወንበሩን በትንሽ ዋጋ ይሸጣል፣ ሻንጣውን፣ ምግቡን፣ የመቀመጫ ምርጫውን አንድ በአንድ ቆርሶ ያስከፍላል። በሌላ በኩል ኪሎ ሁሉ ነዳጅ ይበላል። በብዙ ኩባንያዎችም ዘንድ አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ ካለፈ ቢከፈልበት እንኳ አይጫንም፤ የሚያነሣው የሰው ወገብ ነውና። ስለዚህ ሕጉ ሁሉ ግፍ ነው አንልም። ግን አንድ ነገር እንላለን፤ ይህ ሕግ የሚቀልለው ለሚያነብ ሰው ነው። ትርፉን የሚከፍሉት በአብዛኛው ማንበብ ያልቻሉና የሚያነብላቸው ያጡ ናቸው።

ከእኛ መካከል ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ ወይም ባቲ ያደገ፣ ዓረብ አገር የሄደ ዘመድ የሌለው ማን ነው? እንግዲህ ይህን ያህል እናድርግ። ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ስንት ኪሎ እንደሚፈቅድ ወኪሉን እንጠይቅ። ትርፍ ኪሎ ካስፈለገ ያን ጊዜውኑ ይገዛ። ሻንጣው ከነስንቁ ቤት ይመዘን፤ ባዶ ሻንጣ ብቻውን 4 ኪሎ ሊመዝን እንደሚችል አይዘንጋ። ማርና ቅቤ በእጅ ቦርሳ አይያዝ፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብዙ አገር ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ፈሳሽ በእጅ ይዞ መግባት ተከልክሏልና። ኮትና ጋቢ ይለበስ፤ የተለበሰ አብዛኛውን ጊዜ አይመዘንም። ይህን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልግም፤ አንድ ምሽትና ትንሽ ትሕትና ይበቃል።

እኛ አሁን በሰፈራችን የምትሄድ ልጅ ስትኖር ወረቀቱን እንጠይቃለን፤ የሚንጠለጠል ሚዛንም ገዝተናል። እናታችን ስንቅ ከመቋጠሯ በፊት «ለልብሷ ስንት ቀረ?» ማለት ጀምራለች። የእኅታችን ጥቅል ግን ሙሉ በሙሉ አልደረሰላትም። ቦታ የተረፈው መንገደኛ ስናገኝ ሁለት ሁለት ኪሎ እየለመንን 4 ኪሎውን ልከናል። 5 ኪሎው ገና ደሴ ነው።